«መቃኘት» ወይስ «ማጣጣም»? ስለ አውቶማቲክ የአንቴና ቱነር ስያሜና ስለ መመሪያው ቋንቋ የቀረበ ሒስ

የአንድ መሣሪያ ስም ከመለያነት ያለፈ ተግባር አለው። ተጠቃሚው መሣሪያውን ገና ሳይነካው ምን እንደሚሠራለትና ምን እንደማይሠራለት አስቀድሞ የሚጠቁመው ስሙ ነው። ስሙ ከተሳሳተ፣ መመሪያው በትክክል ቢጻፍም እንኳ አንባቢው መመሪያውን የሚረዳው በተሳሳተው ስም በኩል ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአማተር ሬዲዮ ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበትን፣ በእንግሊዝኛ አውቶማቲክ የአንቴና ቱነር የሚባለውን መሣሪያ ነው። የምንመረምራቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መሣሪያው በአማርኛ ምን ይባል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የአጠቃቀም መመሪያው ቃል በቃል ሲተረጐም የሚፈጥረው ብዥታ ነው።

አማተር ሬዲዮ የሚባለው ፈቃድ የተሰጣቸው ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለእርስ በርስ ግንኙነት የሚያካሂዱት የሬዲዮ አገልግሎት ነው። አደጋ ሲደርስና መደበኛው መገናኛ ሲቋረጥም መልእክት ለማስተላለፍ ይጠቅማል። ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። «ኢቲ» የሚለው የጥሪ ምልክት መነሻ የኢትዮጵያ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ የሆነው ኢቲ3ኤኤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ሲሠራ ቆይቷል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ቃላት በአማርኛ ሊነገሩና ሊጻፉ ይገባል ስንል የሚናገራቸው ሰው ስላለ ነው።

1. መሣሪያው ምን ይሠራል?

ስለ ስያሜ ከመከራከር በፊት ስለ ተሰያሚው መስማማት ያሻል። የዛሬዎቹ የአማተር ሬዲዮ አስተላላፊዎች ኃይላቸውን ያለ ችግር የሚያወጡት 50 ኦም ኢምፒዳንስ ላለው ጭነት ነው። ኢምፒዳንስ ማለት ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገጥመው ጠቅላላ ዕንቅፋት ነው። የአንቴና ኢምፒዳንስ ግን እንደ ድግግሞሹ፣ እንደ ሽቦው ርዝመት፣ ከመሬት እንዳለው ከፍታና በአካባቢው እንዳሉት ነገሮች ይለዋወጣል። የአንቴናው ኢምፒዳንስ ከ50 ኦም ሲርቅ ከተላከው ኃይል ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመስመሩ ላይ ሂያጁና ተመላሹ ሞገድ ሲደራረቡ በእንግሊዝኛ «የቆመ ሞገድ» የሚባለው ክሥተት ይፈጠራል፤ መጠኑም በምጣኔ ይገለጻል። ምጣኔው 1 ሲሆን ተመላሽ የለም፤ 2 ሲሆን ከኃይሉ 11 በመቶ ያህሉ፣ 3 ሲሆን ደግሞ 25 በመቶው ይመለሳል። ብዙዎቹ አስተላላፊዎች ምጣኔው ከፍ ሲል ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ።

አውቶማቲክ ቱነር የሚባለው ሣጥን በአስተላላፊውና በአንቴናው መስመር መካከል የሚገባ ነው። በውስጡ የሽቦ ጥቅልሎችና ካፓሲተሮች አሉ፤ እነዚህን የሚያስገቡና የሚያስወጡ ሪሌዮች አሉ፤ ሂያጁንና ተመላሹን ኃይል የሚለካ ክፍል አለ፤ ልኬቱን እያነበበ ሪሌዮቹን የሚያዝዝ ማይክሮፕሮሰሰርም አለ። መሣሪያው የጥቅልሎቹንና የካፓሲተሮቹን ቅንጅት እየለዋወጠ ይሞክርና አስተላላፊው በበኩሉ 50 ኦም የሚቀርብ ጭነት እንዲታየው ያደርጋል። ያገኘውን ቅንጅት ከድግግሞሹ ጋር በማኅደረ ትውስታው ስለሚያስቀምጠው፣ ተጠቃሚው ወደዚያው ድግግሞሽ ሲመለስ እንደገና መፈለግ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነገር አለ። ሣጥኑ አንቴናውን አይነካውም፤ አያረዝመውም፣ አያሳጥረውም፣ ከፍም ዝቅም አያደርገውም። አንቴናው ከሣጥኑ በፊት የነበረው አንቴና ነው። የሚለወጠው አስተላላፊው የሚያየው ነገር ብቻ ነው።

2. ስሙ ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ ሬዲዮን የሚመለከተው ይህ የቃላት ቤተሰብ መነሻው ሙዚቃ ነው። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ሁለት የኤሌክትሪክ ማከማቻ ማሰሮዎች በአንድ ድግግሞሽ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ምላሽ እንደሚሰጥ ባሳየ ጊዜ፣ ክሥተቱን የሰየመው የድምፅ ስምምነትን በሚያመለክት ከግሪክኛ በተወሰደ ቃል ነበር። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. በቁጥር 7777 ያስመዘገበው የፈጠራ መብትም የሚመለከተው ላኪውንና ተቀባዩን በአንድ ድግግሞሽ ማስማማትን ነው። እስከዚህ ድረስ የሙዚቃው ቃል በቦታው ነው። ሁለት ክሮች አንድ ድምፅ እንዲሰጡ እንደሚደረግ፣ ሁለት ወረዳዎችም በአንድ ድግግሞሽ እንዲርገበገቡ ተደርገዋል።

ኢምፒዳንስ የሚለው ስም ግን ከሌላ ወገን የመጣ ነው። ያወጣው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1886 ዓ.ም. ነው፤ ከሙዚቃም ጋር ዝምድና የለውም። እዚህ የምንመለከተው ሣጥን ሥራው በሄቪሳይድ ጽንሰ ሐሳብ የሚገለጽ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን የወሰደው ከሎጅ ወገን ነው። የስያሜው ጉድለት የሚጀምረው ከእንግሊዝኛው ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባለሙያዎችም ይህን ጉድለት ሳያዩት አልቀሩም። በአሜሪካ አማተሮች ዘንድ «ትራንስማች» የሚለው ስም ለዚሁ መሣሪያ ሲያገለግል የቆየው ማዛመድን በስሙ ውስጥ ለማስገባት ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች የሄዱበትን መንገድ ማነጻጸርም ይጠቅማል። ጀርመንኛ «አንፓስጌሬት» ይላል፤ ልክ እንዲሆን የሚያደርግ፣ የሚያገጣጥም መሣሪያ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ «ቡዋት ዳኮር» ሲል «አኮር» የሚለው ቃል የሙዚቃ ቅኝትንም ስምምነትንም በአንድነት ስለሚይዝ ሁለቱንም ወገን ያስተናግዳል። ከዚህ የምንማረው እያንዳንዱ ቋንቋ ስሙን ያወጣው ባለው የቃላት ሀብት መሆኑን ነው። አማርኛም ከእንግሊዝኛው ስም ሳይሆን ከነገሩ ተነሥቶ የራሱን ምርጫ ማድረግ ይኖርበታል።

3. የ«መቃኘት» ጸጋና ገደብ

ተርጓሚ በመጀመሪያ የሚመጣለት ቃል «መቃኘት» መሆኑ አያስደንቅም። ክራርና በገና ይቃኛሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው። ቃሉ አገርኛ ነው፤ ለጆሮ ይጥማል፤ ከእንግሊዝኛው ሙዚቃዊ መነሻም ጋር ይገጥማል። «የአንቴና መቃኛ» ቢባል ማንም አማርኛ ተናጋሪ ቃሉ አዲስ ነው ብሎ አይሸሽም። እነዚህ ምክንያቶች ቀላል አይደሉም።

ይሁን እንጂ በሦስት ምክንያት ቃሉን ለዚህ መሣሪያ አንደግፈውም።

አንደኛ፣ ክራር የሚቃኝ ሰው የሚያጠብቀውና የሚያላላው ራሱን ክሩን ነው። ለውጡ የሚፈጸመው ድምፅ በሚሰጠው አካል ላይ ነው። በአንቴናም ረገድ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥራ አለ። ለ7.1 ሜጋኸርዝ የሚዘረጋ የግማሽ ሞገድ ሽቦ 20 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ባለሙያው ጥቂት አስረዝሞ ይጀምርና ጫፍና ጫፉን እየቆረጠ አንቴናው በሚፈለገው ድግግሞሽ እንዲርገበገብ ያደርጋል። ይህ በእውነት አንቴናን መቃኘት ነው። ቃሉን ለሣጥኑ ከሰጠነው ለዚህ ሥራ የሚቀር ቃል አይኖረንም።

ሁለተኛ፣ መቃኘትና ማጣጣም በፊዚክሱም የተለያዩ ናቸው። በነፃ ሕዋ የተዘረጋ የግማሽ ሞገድ አንቴና በትክክል በተቃኘበት ድግግሞሽ ኢምፒዳንሱ 73 ኦም ያህል ነው። ከ50 ኦም መስመር ጋር ሲገናኝ ምጣኔው ወደ 1.5 ይጠጋል። ይህ አንቴና ተቃኝቷል፤ ፍጹም ግን አልተጣጣመም። በአንጻሩ ጨርሶ ያልተቃኘ ሽቦ በሣጥኑ በኩል ሲገናኝ አስተላላፊው አጠገብ ያለው መለኪያ 1 ሊያሳይ ይችላል። ይህኛው ተጣጥሟል፤ ግን አልተቃኘም። ሁለቱ ሁኔታዎች አንዱ ያለ ሌላው የሚገኙ ከሆነ በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም።

ሦስተኛ፣ «ቃኘ» ሌላም ፍቺ አለው። ቃኚ ጦር የሚባለው አካባቢን የሚሰልል ነው፤ ቅኝት ማለትም ዞሮ መመልከት ይሆናል። በሬዲዮ ዓለም ድግግሞሾችን እየተዘዋወረ የሚያስስ መሣሪያ ስላለ፣ «አውቶማቲክ ቃኚ» የሚል ስም የሰማ ሰው በቀጥታ የሚያስበው ይህን አሳሽ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

4. የስሙ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። አንድ ምሳሌ በአኃዝ እናቅርብ። አስተላላፊውንና አንቴናውን የሚያገናኘው ኮአክሲያል ገመድ በሚገባ በተጣጣመ ጊዜ ብክነቱ 1 ዴሲቤል ነው እንበል፤ ይኸውም ከ100 ዋት 79 ያህሉን ያሳልፋል ማለት ነው። አንቴናው ግን ከገመዱ ጋር እጅግ ሳይጣጣም ቀርቶ በአንቴናው በኩል ምጣኔው 10 ቢሆን፣ ጠቅላላ ብክነቱ ወደ 3.4 ዴሲቤል ያድጋል። ሣጥኑ ከአስተላላፊው ጎን ተቀምጦ ሥራውን ሲጨርስ መለኪያው 1 ያሳያል፤ አንቴናው ዘንድ የሚደርሰው ግን፣ በሣጥኑ ውስጥ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ ከ100 ዋት 45 ያህሉ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሣጥኑ ባይኖር ኖሮ በአስተላላፊው በኩል ያለው መለኪያ የሚያሳየው 10 ሳይሆን 4.7 ያህል ነበር፤ የገመዱ ብክነት ራሱ ጉድለቱን ይሸፍነዋልና።

መሣሪያውን «አንቴና መቃኛ» ብሎ የተማረ ሰው 1 የሚለውን ሲያነብ «አንቴናዬ ተቃኝቷል» ብሎ ይደመድማል። ገመዱን አይመረምርም፤ ሽቦውን አይለካም፤ ሣጥኑን ወደ አንቴናው አስጠግቶ ቢያስቀምጠው የሚሻል መሆኑን አያስብም። በባትሪ በሚሠራ ጣቢያ፣ በተለይም በአደጋ ጊዜ፣ ከግማሽ በላይ ኃይሉን በገመድ ውስጥ አሙቆ የሚያስቀር ሰው ድምፁ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። «አጣጣሚ» የሚለውን ስም የተማረ ግን ማንን ከማን ጋር እንዳጣጣመ መጠየቁ አይቀርም።

ለተርጓሚ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ሣጥኑ በሁለት ቋንቋ በሚነጋገሩ ሰዎች መካከል እንደ ቆመ አስተርጓሚ ነው። የማንኛቸውንም ቋንቋ አይለውጥም፤ እንዲግባቡ ብቻ ያደርጋል። በአንደኛው ጎን ቆሞ የሌላኛው ድምፅ በረጅም መተላለፊያ በኩል የሚደርሰው ከሆነ ግን በመተላለፊያው የጠፋውን ሊመልስ አይችልም።

5. የመመሪያው ቋንቋ

የእንግሊዝኛው መመሪያ ቃል በቃል ሲተረጐም ከስሙ በተጨማሪ ቢያንስ አምስት ቦታ ላይ አንባቢን ያደናቅፋል።

ሀ) «አውቶማቲክ»። ቃሉ በአማርኛ የለመደ ስለሆነ መለወጥ አያሻውም። ሆኖም «በራሱ የሚሠራ» ተብሎ ብቻ ከተፈታ ለተጠቃሚው የሚቀር ሥራ የሌለ ያስመስላል። መሣሪያው በራሱ የሚሠራው ቅንጅቱን መምረጥ ብቻ ነው። ኃይሉን ዝቅ ማድረግ፣ ድግግሞሹ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥና ውጤቱን መመዘን የሰው ሥራ ነው። ፍቺው ይህን ወሰን ማሳየት አለበት።

ለ) «ቋሚ ሞገድ»። «ቋሚ» በአማርኛ ቀጥ ብሎ የቆመ ማለት ነው፤ የማይለወጥ፣ ዘላቂ ማለትም ነው፤ የቤት ምሰሶም ነው። በአንቴና ሙያ ደግሞ ቀጥ ብሎ ለሚተከል አንቴና በግድ የሚያስፈልግ ቃል ነው። ስለዚህ «ቋሚ አንቴና» እና «ቋሚ ሞገድ» በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ አንባቢው የሁለተኛው ምንጭ የመጀመሪያው ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቋንቋው «ቁም ሣጥን» እንዳለ ሁሉ «ቁም ሞገድ» ቢባል አጭር ነው፤ የአሰያየም ሥርዓቱም የታወቀ ነው።

ሐ) «ተመላሽ ኃይል»። «ሂያጅ» እና «ተመላሽ» ጥሩ ጥንድ ናቸው። የሚያሳስበን «ተመላሽ» በ«ብክነት» ሲፈታ ነው። የተመለሰው ኃይል አጣጣሚው ዘንድ ሲደርስ እንደገና ወደ አንቴናው ይላካል፤ የሚባክነው በየምልልሱ ገመዱ የሚያስቀረው ብቻ ነው። በእንግሊዝኛም ይኸው መደናገር ስለነበረ አሜሪካዊው ዋልተር ማክስዌል እ.ኤ.አ. ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ «ኪውኤስቲ» በተባለው የአማተሮች መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቶበታል። እኛ ይህን ስሕተት በትርጉም ልናስገባው አይገባም።

መ) «ጭነት» እና «መጫን»። «ጭነት» ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የገባ ቃል ስለሆነ እንቀበለዋለን። ችግሩ ያለው በግሡ ላይ ነው። «ሲጫን» የሚለው ቅርጽ ጫነ ለሚለውም ተጫነ ለሚለውም ያገለግላል። በመመሪያ ውስጥ «ሲጫን ኃይሉ ዝቅ ይበል» ቢባል ቁልፉ በጣት ሲነካ ነው ወይስ አስተላላፊው ጭነት ሲገናኝለት? በእኛ አስተያየት ለጣት ሥራ «ቁልፉን ይጫኑ»፣ ለሌላው «ጭነት ያገናኙ» እየተባለ በቀጥታ ትእዛዝ ቢጻፍ ይህ ብዥታ ይወገዳል። አድራጊውን የሚሰውረውን አነጋገር በመመሪያ ውስጥ ማብዛትም አይመከርም።

ሠ) «መሬት»። በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ሦስት ነገሮች ይጠራሉ፤ ሰውን ከኤሌክትሪክ ንዝረት የሚጠብቀው መስመር፣ የመብረቅ ኃይልን ወደ ምድር የሚያወርደው መስመር፣ በአንድ ጫፉ ለሚመገብ አንቴና የሬዲዮ ፍሰት መመለሻ የሚሆነው ሽቦ። ሦስተኛው ከምድር ጋር ሳይገናኝ በመሬት ላይ ወይም ከመሬት ከፍ ብሎ ሊዘረጋ ይችላል። ይህን «ተጓዳኝ ሽቦ» ብንለው ከሁለቱ ይለያል። ልዩነቱ የሚያስፈልገው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ተጓዳኝ ሽቦ የዘረጋ ሰው የመብረቅ መከላከያ አበጅቻለሁ ብሎ እንዳይዘናጋ ነው።

6. የታረመ መመሪያ ናሙና

ከላይ ያቀረብናቸው ቃላት በሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ ለማየት አጭር ናሙና እናቀርባለን።

1ኛ. ሬዲዮውን ያጥፉ። የሬዲዮውን የአንቴና መውጫ ከአጣጣሚው መግቢያ ጋር፣ የአጣጣሚውን መውጫ ከአንቴናው መስመር ጋር ያገናኙ። አንቴናው በአንድ ጫፉ የሚመገብ ሽቦ ከሆነ ተጓዳኝ ሽቦ ይዘርጉ።

2ኛ. ሬዲዮውን ይክፈቱ። ድግግሞሹን ሌላ ሰው እየተጠቀመበት አለመሆኑን አዳምጠው ያረጋግጡ፤ የጥሪ ምልክትዎንም ይናገሩ።

3ኛ. ኃይሉን የመሣሪያው መመሪያ ወደሚያዝዘው ዝቅተኛ መጠን ያውርዱ፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ይህ ከ10 እስከ 20 ዋት ነው። በሙሉ ኃይል ማጣጣም የሪሌዮቹን መነካኪያ ሊያቃጥል ይችላል። የማይቆራረጥ ሞገድ የሚያወጣ የአሠራር ዓይነት ይምረጡ፤ ኃይሉ ከንግግር ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ መለኪያው የሚይዘው ነገር አያገኝም።

4ኛ. የማጣጣሚያውን ቁልፍ ይጫኑ። የሪሌዮቹ የ«ቋ ቋ» ድምፅ እስኪያቆም ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ሽቦውን ማንም እንዳይነካው ያድርጉ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊኖረው ይችላል።

5ኛ. የቁም ሞገድ ምጣኔውን ያንብቡ። አጣጣሚው ካልተሳካለት ኃይል ጨምረው አይሞክሩ፤ የገመዱን መገጣጠሚያና የሽቦውን ርዝመት ይመርምሩ። በሬዲዮ ውስጥ አብረው የሚሠሩ አጣጣሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚችሉት ምጣኔው እስከ 3 ሲሆን፣ ይኸውም ከ16.7 እስከ 150 ኦም ማለት ነው።

7. ለመዝገበ ቃላት የሚቀርቡ ፍቺዎች

«አጣጣሚ» ስንል ሌሎች እጩዎችን ሳናይ አይደለም። «አዛማጅ» ከትምህርት ቤት ፈተና የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ካሉት መካከል ጥንድ መፈለግን እንጂ የማይገጥመውን እንዲገጥም ማድረግን አያሳይም። «አስማሚ» ቅርብ ነው፤ ዳሩ ግን የመሰኪያ ዓይነት ለሚለውጥ ዕቃም ስለሚነገር ሊያሻማ ይችላል። «አጣጣመ» ጣዕምን ማጣጣም የሚል ሁለተኛ ፍቺ ቢኖረውም የሙያው ዐውድ ይለየዋል። በመሆኑም የሚከተሉትን እናቀርባለን።

አጣጣሚ፤ (ስም) በአስተላላፊና በአንቴና መስመር መካከል ገብቶ፣ አንቴናውን ሳይለውጥ፣ አስተላላፊው የሚስማማውን ኢምፒዳንስ እንዲያገኝ የሚያደርግ መሣሪያ። አውቶማቲክ አጣጣሚ፦ ቅንጅቱን ሰው ሳይመርጥለት ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ።

ቱነር፤ አጣጣሚ የሚለውን ይመለከቷል።

አንቴና መቃኘት፤ (ግሥ) የአንቴናን ርዝመት ወይም ቅርጽ በመለወጥ በተፈለገው ድግግሞሽ እንዲርገበገብ ማድረግ።

ቁም ሞገድ፤ (ስም) ሂያጅና ተመላሽ ሞገዶች በአንድ መስመር ላይ ሲደራረቡ የሚፈጠር ሞገድ።

ተጓዳኝ ሽቦ፤ (ስም) በአንድ ጫፉ ለሚመገብ አንቴና የሬዲዮ ፍሰት መመለሻ የሚሆን ሽቦ።

«ኢምፒዳንስ» በውሰትነቱ ይቆይ እንላለን። «ተቃውሞ» ብንለው ኃይልን ወደ ሙቀት የሚለውጠውን ዕንቅፋትና ኃይልን ለጊዜው ይዞ የሚመልሰውን ዕንቅፋት አንድ ላይ ያጨፈልቃቸዋል፤ በሚገባ የተፈታ ውሰት ባልበሰለ ፍጥርጥር ቃል ከመለወጥ ይሻላል። «ቱነር» የሚለውንም ከመዝገቡ አናስወጣውም፤ በመሣሪያው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው እርሱ ስለሆነ ተጠቃሚው ከዚያ ተነሥቶ ወደ አማርኛው ስም መድረስ አለበት።

የእነዚህ ቃላት እውነተኛ ፈተና የሚሆነው በጉባኤ የሚደረግ ድምፅ አሰጣጥ አይደለም። ናሙናውን መመሪያ ከዚህ በፊት መሣሪያውን ለማያውቅ ተማሪ ሰጥቶ፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ «አሁን የተለወጠው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አንቴናው» ብሎ ከመለሰ ስሙ አልሠራም። «ሬዲዮው የሚያየው ጭነት» ብሎ ከመለሰ ቃሉ ለመዝገበ ቃላት ደርሷል። የሙያው ባለቤቶችና የቋንቋ ባለሙያዎች ይህን ሙከራ በጋራ እንዲያደርጉት በማሳሰብ ሐሳባችንን ለውይይት አቅርበናል።